አንጀት የታመመ ሰው ጉልበቱም ሲያብጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እህቴ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ሕመም አለባት። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ሆዷን አንድ ሐኪም፣ ጉልበቷን ሌላ ሐኪም ሲያያት ቆየ። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። በመሃል ስንት ነገር እንደተበላሸ እኛ ነን የምናውቀው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም፣ የጎረቤት ዘመድም ይጠይቀኛል። ጥያቄው ስለሚመሳሰል አንድ ላይ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቿን እየጠየቅኩ፣ እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው የማካፍላችሁ። መድኃኒት ለመጀመርም ሆነ ለማቆም የሚያክማችሁን ሐኪም ስሙ።

ሆድና ጉልበትን ምን አገናኛቸው?

ይሄን መጀመሪያ የጠየቀችው እናቴ ናት። "ሆዷን ያመማት ልጅ እግሯን ደግሞ ምን ነካት?" አለች።

የአንጀት ብግነት የሚባሉት ሕመሞች በዋናነት ሁለት ናቸው። ብግነት ማለት የሰውነት መቆጣት ነው፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያማል። አንዱ ሕመም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ ትልቁን አንጀት ያቆስላል። ሌላው ክሮንስ ነው፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ይችላል። ክሮንስ ስሙን ያገኘው ቡሪል ክሮን ከተባሉ የኒውዮርክ ሐኪም ነው። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕመሙን በ1932 በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈውታል።

ሁለቱም ሕመሞች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። የሰውነት መከላከያ ሥራውን ስቶ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። ይሄ የተቆጣ መከላከያ አንጀት ላይ ብቻ አይቆምም። መገጣጠሚያም፣ ዓይንም፣ ቆዳም ይደርሳል። ከአንጀት ውጭ ከሚታዩት ችግሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የመገጣጠሚያው ነው።

በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ፣ የአንጀት ብግነት ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 13ቱ የእጅ ወይም የእግር መገጣጠሚያቸው ይቆጣል። ወደ 10 የሚሆኑት ደግሞ አከርካሪ ከዳሌ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ብግነት ይታይባቸዋል። ትንሽ ቁጥር አይደለም።

አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መገጣጠሚያው ቀድሞ ይታመምና ሆዱ ከዓመታት በኋላ ይከተላል። ስለዚህ ወገቡን የሚያመውን ሰው "ሆድህስ? ሰገራህ ላይ ደም አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

"ብርድ ነው፣ ሪህ ነው" ይሉኛል። በምን ልለየው?

እኛ ሰፈር መገጣጠሚያ ላመመው ሰው መልሱ ዝግጁ ነው። "ብርድ ገብቶሽ ነው።" "ቁርጥማት ነው፣ በቅባት ታሺ።" "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ።" የሚናገሩት በፍቅር ነው። ግን ሪህ የምንለው ቃል በጣም ብዙ ሕመም ጠቅልሎ ይይዛል።

በእድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። የብግነቱ ግን ተቃራኒ ነው። ካረፉ በኋላ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይፈታል።

እህቴን ጠዋት ብታዩአት ወዲያው ይገባችኋል። ከ12 ሰዓት ጀምራ ነቅታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጉልበቶቿን በመዳፏ ታሻለች። እግሯን ልትዘረጋ ስትል ፊቷ ይኮማተራል። ግድግዳውን እየተደገፈች መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። ሻይ ፈልቶ፣ ቁርስ ቀርቦ፣ ጉልበቷ ገና አልተፈታም። 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን "ለቀቀኝ" ትላለች። ከዚያ በኋላ ደረጃውን ወርዳ ሥራ ትሄዳለች። ቀን ያያት ሰው ምንም ያለባት አይመስለውም። ሐኪምም የሚያያት ቀን ነው።

ጠዋት መገጣጠሚያው ከ30 ደቂቃ በላይ ግትር ካለ፣ ዙሪያው ካበጠና ሲነኩት ከሞቀ፣ ብርድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

የእጅና የእግር መገጣጠሚያ ላይ የሚመጣው ብግነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከ5 ያነሱ መገጣጠሚያዎችን ይይዛል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ዓይነት ትላልቆቹን። ሆድ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሆድ ሲረጋ አብሮ ይረጋል። ብዙ ጊዜ በ10 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው 5 እና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ ይይዛል፤ በተለይ የእጅ ጣቶችን። ይሄኛው የሆዱን ሁኔታ አይጠብቅም። ሆድ ሰላም ሆኖ ጣት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊያብጥ ይችላል። የአንጀት ሐኪሙ "ደህና ነህ" ብሎ ያሰናበተው ሰው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሊያቅተው ይችላል ማለት ነው።

ተረከዝም አለ። ጅማት ከአጥንት የሚያያዝበት ቦታ ሲቆጣ፣ ጠዋት መሬት ሲረግጡ ተረከዝን ይወጋል። አንድ ጣት ከሥር እስከ ጫፍ አብጦ ቋሊማ ሊመስልም ይችላል። ሁለቱንም ለሐኪም ንገሩ። ሰው ተረከዙን ከጫማ ጋር እያያዘ ስለሚተወው ነው የምለው።

የወገብ ሕመምስ? ወገቡን የማያመው ማን አለ?

እውነት ነው። ኩንታል የሚሸከም፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ልጅ የሚያዝል ሁሉ ወገቡን ያመዋል። የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ወገብ ላይ ግን ሐኪሞች ጥቂት ነገር ለይተው ይጠይቃሉ። ከ3 ወር በላይ ቆይቷል? የጀመረው ከ45 ዓመት በፊት ነው? ከባድ ዕቃ ሳያነሱ ቀስ በቀስ ነው የመጣው? ሌሊት፣ በተለይ ወደ ንጋት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ተነስተው ሲንቀሳቀሱ ይቀላል? መቀመጫ ላይ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተቀያየረ ያማል?

አብዛኛው መልስ "አዎ" ከሆነ የመገጣጠሚያ ሐኪም ማየት አለበት። ይሄኛው ብግነት ዝም ብሎ ከተተወ አከርካሪው ውሎ አድሮ እየደረቀ ሊገጥም ይችላል። ከሆዱ ጋር አብሮ የሚበርድም አይደለም፤ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው።

አንድ ጎበዝ ሐኪም አይበቃም? ለምን በቡድን?

ብዙ የምጽፈው እዚህ ላይ ነው። እኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ጉልበቷ ክፉኛ አበጠና ቅርባችን ወዳለ ክሊኒክ ሄደች። ስለ ሆዷ የጠየቃት ሰው የለም። እሷም ይገናኛል ብላ ስላላሰበች አልተናገረችም። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋች፣ የሚዋጥም ተሰጣት። ጉልበቷ ቀለላት። በሳምንቱ ግን ሽንት ቤት መመላለስ ጀመረች፤ ደሙም ተመለሰ። ያንን ያመጣው መድኃኒቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው አንዳንድ ሰው ላይ የአንጀቱን ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። አንዳንዱ ሰው ለአጭር ጊዜ ቢወስዳቸው ምንም አይሆንም። ያንን መዝኖ የሚወስነው አንጀቱንም የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ደሙ ሲመለስ የአንጀት ሐኪሟ ጋር ሄደች። ብግነትን ቶሎ የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት። ሆዷም ጉልበቷም ጸጥ አለ። የመገጣጠሚያ ሐኪም ቀጠሮዋ የደረሰው ልክ በዚያ ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ጉልበቷን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ዳሰሱ። እብጠት የለም። "ደህና ነሽ" ተባለች። ፕሬድኒሶሎኑ እየተቀነሰ ሲመጣ ጉልበቷ እንደገና አበጠ። ከሁለቱ ሐኪሞች አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ግማሽ ግማሽ ሰው ነው ያዩት።

ቡድን ማለት ይሄንን ክፍተት መዝጋት ነው። የአንጀት ሐኪሙ በየቀጠሮው ስለ ወገብ፣ ስለ ጠዋት ግትርነትና ስለ ተረከዝ ሦስት አራት ጥያቄ ይጠይቃል። አንዱ ካጠራጠረው ለመገጣጠሚያ ሐኪሙ ይልካል። የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ይመረምራል፣ ሕመሙን ከሌሎች ሕመሞች ይለያል። የራጅና የኤም አር አይ ሐኪሙ ምስሉን ሲያነብ ይሄ ሰው የአንጀት ሕመም እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮታል። ካስፈለገ የዓይንና የቆዳ ሐኪም ይገባሉ። ከዚያ አንጀቱንም መገጣጠሚያውንም የማይጎዳ አንድ መድኃኒት ላይ ይስማማሉ። ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን ታካሚውን አብረው የሚያዩባቸው ክሊኒኮች አሉ።

መስማማታቸው ለምን እንደሚያስፈልግ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ያሳያሉ። ኢታነርሴፕት ለመገጣጠሚያ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የክሮንስን አንጀት ግን አያክምም። ሴኩኪኑማብ ለወገብ ብግነት ይረዳል፤ አንጀቱን ግን ሊያባብስ ይችላል። ቬዶሊዙማብ በተቃራኒው የሚሠራው አንጀት ላይ ነው፤ ለመገጣጠሚያው ብዙም አይደርስለትም። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ለሁለቱም ይሆናሉ። አንዱ ሐኪም ብቻውን ቢመርጥ ያላየውን ግማሽ ሊጎዳው ይችላል።

ምን ምን ምርመራ ይታዘዛል? በደም ምርመራ ብቻ አይታወቅም?

በአንድ የደም ምርመራ አይታወቅም። ኢ ኤስ አር እና ሲ አር ፒ የሚባሉት ብግነት መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ ቦታውን አይናገሩም። ደግሞም ሕመሙ እያለ ልክ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ሩማቶይድ የሚባለውን ሌላ የመገጣጠሚያ ብግነት ለመለየት የሚደረገው የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ ነጌቲቭ ነው። "ነጌቲቭ ስለሆነ ምንም የለብህም" ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ኤች ኤል ኤ ቢ 27 የሚባል የዘር ምርመራም አለ። ከወገብ ብግነት ጋር ስሙ ይነሳል። ግን ከአንጀት ሕመም ጋር የሚመጣው የወገብ ብግነት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ይሄ ምልክት የላቸውም። ከሰሃራ በታች ባሉ ሕዝቦች ላይም በጠቅላላው ብዙ አይገኝም። ዋጋውን ሳስበው፣ ሐኪሙ በምክንያት ካላዘዘው ብራችሁን ለሌላው ምርመራ አቆዩት እላለሁ።

ራጅ ርካሽ ነው፣ በቅርብም ይገኛል። ችግሩ አጥንቱ ላይ ለውጥ እስኪታይ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ገና የጀመረውን ብግነት የሚያሳየው አከርካሪ ከዳሌ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ኤም አር አይ ነው። ወረቀቱ ላይ "የወገብ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ያንን ቦታ በደንብ ላያካትት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ጉልበት ውስጥ ውሃ ካለ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። አንዳንዴ ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል።

በሆድ በኩል ደግሞ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ፤ አንጀት ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማል። ቁስሉን በዓይን አይቶ ናሙና ለመውሰድ ግን ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጣል። እህቴ ከምርመራው ይበልጥ የምታማርረው ከዋዜማው ጀምሮ አንጀት ለማጽዳት የሚጠጣውን ነው።

እኛ አገር ሐኪሞች ለምን ቲቢና ብሩሴላ ይፈትሻሉ?

ይሄን ጥያቄ በንዴት የሚጠይቁኝ አሉ። "ክሮንስ ነው ተብዬ መጥቼ እንደገና ቲቢ ይፈልጉብኛል" ይላሉ። አትናደዱ። ተገቢ ነው።

የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ ሆድ ይቆርጣሉ። በኮሎኖስኮፒ ታይተው እንኳ ሊያምታቱ ይችላሉ። ቲቢ አከርካሪም ይይዛል። ስለዚህ ሆዱንም ወገቡንም ያመመው ሰው ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ክሮንስም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከባድ ነው፤ የክሮንስ መድኃኒት መከላከያን ስለሚያዳክም ለቲቢ መንገድ ይከፍታል። እነ ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመራቸው በፊት የተደበቀ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ የሚፈተሹትም ለዚህ ነው።

ብሩሴላ ደግሞ ከከብት የሚመጣ ነው። እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ልብ ልንለው ይገባል። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ አካባቢ ላም የሚያረባ ብዙ ነው፤ ወተቱም ሳይፈላ ይጠጣል፣ እርጎም ይሆናል። ብሩሴላ ትኩሳትና ላብ ያመጣል፣ መገጣጠሚያ ያማል። በተለይ ያንኑ አከርካሪና ዳሌ የሚገጥሙበትን ቦታ ሊያስቆጣ ይችላል። በአንቲባዮቲክ የሚድን ሕመም ነው። ከብት የምታረቡ ከሆነ ወይም ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩ።

አሜባም አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ተብሎ ይታከማል። እህቴ ሕመሟ እስኪታወቅ የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ደጋግማ ወስዳለች። አንዴ ወስዶ መዳን ያለ ነው። በየወሩ እየተመላለሰ መድኃኒቱ ካልያዘው ግን ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። ከተቅማጥ ኢንፌክሽን በኋላ በሳምንታት ውስጥ ጉልበት የሚያብጥበት ሕመምም ስላለ፣ ተቅማጡ መቼ እንደጀመረ፣ ጉልበቱ መቼ እንደተከተለ ቀኑን አስታውሳችሁ ንገሩ።

እዚህ ዳር ላይ ሆኜ ቡድን ከየት አመጣለሁ?

ከልቤ ነው የምነግራችሁ፣ ቀላል አይደለም። የመገጣጠሚያ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣም ጥቂት ናቸው። ከቱሉ ዲምቱም ሆነ ከሰንዳፋ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ለመሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የሚወጣው። ጉልበቱ ገና ያልተፈታ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያውን አትዝለሉት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላችሁ መንገዱ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ ሪፈር ያስፈልጋችኋል። ሪፈሩ ላይ "የጉልበት ሕመም" ብቻ ከተጻፈ የሚያያችሁ ሐኪም ሆዳችሁን አያውቅም። "የአንጀት ብግነት ያለባት፣ ጉልበቷ የሚያብጥ፣ ጠዋት ለ1 ሰዓት የምትገተር" ተብሎ ይጻፍላችሁ። በትህትና ጠይቁ፤ ይጽፉላችኋል።

ሁለቱ ሐኪሞች አንድ ክፍል ውስጥ ባይቀመጡም ወረቀታቸው ሊገናኝ ይችላል። እኛ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። ግራው ገጽ የሆድ፣ ቀኙ ገጽ የመገጣጠሚያ ነው። ግራው ላይ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደች፣ ደም መኖር አለመኖሩን ትጽፋለች። ቀኙ ላይ የትኛው መገጣጠሚያ እንዳበጠ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደተገተረች። ከታች የወሰደችው መድኃኒት ይጻፋል፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውም ጭምር። ደብተሩን ለአዲሷ የመገጣጠሚያ ሐኪም ስናሳያቸው ሦስት ገጽ ገለጡና "ሆዷ ከተነሳ በሳምንቱ ጉልበቷ ይከተላል፣ አያችሁ?" አሉን። ለሁለት ዓመት ያላየነውን በደቂቃ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው የአንጀት ሐኪሟን ደወሉላቸው። ያቺ ስልክ አምስት ደቂቃ አልፈጀችም።

ፎቶም አንሱ። እብጠት ቀጠሮ አይጠብቅም። ጉልበቱ ባበጠበት ጠዋት ሁለቱን ጉልበቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ አንሱት፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። የኤም አር አዩን ሲዲ፣ የኮሎኖስኮፒውን ወረቀት፣ የናሙናውን ውጤት አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ። በፌስታል የሚዞር ወረቀት ዝናብ ያገኘዋል፤ የእኛ አንዱ እንደዚያ ነው የጠፋው። እያንዳንዱን ሐኪም ደግሞ "ዶክተር፣ ለዚያኛው ሐኪም ሁለት መስመር ይጻፉልኝ" በሉ። አንድም ቀን እምቢ ተብለን አናውቅም።

ወጌሻ ጋር ብሄድስ? ጠበልስ?

የተቆጣ፣ የሞቀ መገጣጠሚያ መታሸትም መጎተትም የለበትም። የወጌሻን ሙያ አከብራለሁ፤ ይሄ ግን የወለቀ አጥንት አይደለም። ጠበል እምነታችሁ ነው፤ እናቴም ወስዳታለች። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመው ሰውነቱ ሊዝለፈለፍ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ዕድሜ ልክ ነው?

ከሰው ሰው ይለያያል። እህቴ የምትወስደው ሰልፋሳላዚን ነው። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ናና ስቫርትስ የተባሉ ስዊድናዊት ሐኪም መድኃኒቱን ያዘጋጁት ለመገጣጠሚያ ሕመም ብለው ነበር፤ ለትልቁ አንጀት ቁስለትም እንደሚሠራ ያዩት እሳቸው ናቸው። ከስምንት አሥርት ዓመታት በፊት አንዲት ሐኪም ሆድና መገጣጠሚያን አንድ ላይ አስበውታል ማለት ነው። የእጅና የእግር መገጣጠሚያን ይረዳል። ወገብ ላይ ግን አይሠራም። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አይወስደውም። የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል።

ፕሬድኒሶሎን ቶሎ ያስታግሳል። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ግን አጥንት ያሳሳል፤ አንዳንዴ የዳሌ አጥንት ደም አጥቶ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ የወሰደ ሰው ብሽሽቱን አካባቢ ካመመው ያው የድሮው ሕመም ነው ብሎ አይተወው።

በመርፌ የሚሰጡት እነ ኢንፍሊክሲማብ ውድ ናቸው። ለመጀመር ከመወሰናችሁ በፊት ሳይቋረጥ ማግኘት ትችሉ እንደሆነ ከሐኪማችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ቀላል እንቅስቃሴ በተለይ ለወገብ እንደ መድኃኒት ነው። ፊዚዮቴራፒስት አንዴ ካሳያችሁ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይሠራል። ሲጋራ ደግሞ ክሮንስን ያባብሳል።

መውለድ የምትፈልግ ሴትስ?

ትችላለች። ሕመሙ በረጋበት ጊዜ ብታረግዝ ይመረጣል። ሰልፋሳላዚን በእርግዝና ከፎሊክ አሲድ ጋር ይወሰዳል። ለብግነት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የሚባል ሌላ መድኃኒት ግን ጽንስ ይጎዳል፤ ከማርገዝ በፊት ወራት ቀድሞ መቆም አለበት። ወንዶችም አንድ ነገር ይወቁ። ሰልፋሳላዚን የወንድ ዘር (ስፐርም) ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። ልጅ እምቢ አለን ብለው ሚስታቸውን የሚወቅሱ ሰዎች ስላሉ ነው የጻፍኩት።

በየትኛው ምልክት ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ የምሄደው?

ዓይን ቀልቶ ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላና እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋር መድረስ አለባችሁ። ያው ብግነት ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከፋርማሲ በተገዛ ጠብታ አይታለፍም።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ መግል ሊሆን ይችላል። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ነገ አይባልም። እግር ድንገት ከዛለ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሆድ ተነፍቶ በጣም ካመመ ወይም ብዙ ደም ከወጣም ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ያለባችሁን የአንጀት ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ይሁን።